ማርዎ ከየትኛው አበባ እንደተቀሰመ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ለመለየት

«መምህር፣ እስኪ ይህን ማር ይዩልኝ፤ የአደይ ነው ወይስ የባሕር ዛፍ?»

ኅዳር በገባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣልኛል። ደሴ ላይ ባዮሎጂ ስለማስተምር፣ ከኩታበር፣ ከሐይቅና ከወረባቦ ማር ቆርጠው የሚመጡ የተማሪዎቼ ወላጆች በትንሽ ብልቃጥ ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። ለእያንዳንዱ በቃል ከማስረዳት አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው ይህን ያዘጋጀሁት። አንድ ማይክሮስኮፕና ሁለት ቀን ካለዎት፣ ራስዎ ወይም ልጅዎ መሥራት ትችላላችሁ።

መሠረቱ እንዲህ ነው። ንብ የአበባ ወለላ ስትቀስም የአበባው ብናኝ፣ ማለትም ያ እጅ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚቀረው ዱቄት፣ ወለላው ውስጥ ይወድቃል፤ ሰውነቷ ላይም ይጣበቃል። ከዚያ ጥቂቱ ማሩ ውስጥ ይቀራል። የብናኝ ቅርጽ ከተክል ተክል ይለያያል፤ አንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ሌላው እሾሃማ ኳስ፣ ሌላው ጀልባ ይመስላል። ስለዚህ ከማሩ ውስጥ ብናኙን አውጥቶ የቆጠረ ሰው ንቦቹ የት የት እንደዋሉ ያውቃል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ብናኝ የሚናገረው አበባውን እንጂ ወረዳውን አይደለም። «ይህ በእርግጥ የአምባሰል ማር ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ነጋዴዎች አሉ። በአምባሰል የሚበቅለው ግራር በቃሉ ወረዳም ይበቅላል፤ የሁለቱን ብናኝ በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በ400 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ። የአብዛኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ባለ 10 የዓይን ሌንስና ባለ 40 የታች ሌንስ አለው፤ ያ ይበቃል።
- ስላይዶች (ናሙናው የሚቀመጥባቸው ጠፍጣፋ መስተዋቶች) እና ቀጫጭን መሸፈኛ መስተዋቶች።
- ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ወይም የላቦራቶሪ ቱቦ። ብርሌ አይሁን፤ ግርጌው ሰፊ ስለሆነ ዝቃጩ ይበተንና መሰብሰብ አይቻልም።
- መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች፣ ለእያንዳንዱ ማር አንድ።
- ከሽቦ የተሠራ የሻይ ማጥሪያ።
- ፈልቶ የቀዘቀዘና የተጣራ ውሃ።
- ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አልኮል፣ ግሊሰሪንና አዮዲን።
- ካለ፣ ሳፍራኒን የተባለው ቀይ የላቦራቶሪ ማቅለሚያ።
- ወረንጦ፣ ጥጥ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ የወረቀት ፖስታዎች፣ እርሳስና ደብተር።

ውሃው ለምን ይጣራል የሚሉኝ አሉ። የታንከርና የዝናብ ውሃ ከዛፍ የወረደ ብናኝ ይይዛል። ያልተጣራ ውሃ ተጠቅመው ጣሪያዎ ላይ የወደቀውን የጥድ ብናኝ ከማሩ ጋር ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ይጠንቀቁ

አልኮል በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ሻማ፣ ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ጠርሙሱን አይክፈቱ። አበባ ሲያነሱ የሚያስነጥስዎ፣ ዓይንዎን የሚያሳክክዎ ወይም አስም ያለብዎ ከሆነ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ደረቅ ብናኝ ማራገፉን ለሌላ ሰው ቢተዉት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። በቀፎ አቅራቢያ ያለ አበባ ፀሐይ ሞቅ ብሎ ንቦች ሲበዙበት አይቁረጡ። ከማርና ከውሃ የሚሠሩት ውሁድ ብርዝ ቢመስልም አይጠጣም፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።

ክፍል አንድ፦ የንጽጽር ስላይዶች

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ዘሎ በቀጥታ ወደ ማሩ ይሄዳል። ከዚያ ሌንሱ ሥር ሃያ ዓይነት ቅንጣት አይቶ አንዱንም ስሙን መጥራት ያቅተዋል። የሚያውቁትን አበባ ብናኝ አስቀድመው ካላዩ፣ የማሩን ብናኝ ከምን ጋር ያነጻጽሩታል? ስለዚህ ከዚህ ይጀምሩ።

1. በቀፎው ዙሪያ ያሉትን አበቦች ይሰብስቡ። ንቦች አብዛኛውን ጊዜ ከቀፏቸው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይቀስማሉ። የወሎን መሬት ያውቁታል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ሊወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ ሽቅቡንም ቁልቁሉንም ይሂዱ። ማሩ በኅዳር የተቆረጠ ከሆነ በመስከረምና በጥቅምት ያበቡትን ሁሉ ይያዙ፦ አደይ፣ ኑግ፣ ባቄላ፣ በዚያ ወቅት አብቦ ካገኙት ግራርና ባሕር ዛፍ፣ ከማሳው ደግሞ በቆሎና ማሽላ። ንብ ያረፈበትን ያስቀድሙ፤ ነገር ግን ያላረፈበትንም አይተዉ።

2. ገና እየፈነዳ ያለ አበባ ይምረጡ። ያረጀ አበባ ብናኙን ጨርሷል፤ በዚያ ላይ ንቦች ከሌላ አበባ ያመጡት ብናኝ ተቀላቅሎበታል።

3. እያንዳንዱን ለብቻው በወረቀት ፖስታ አድርገው ጥላ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያድርቁ። ፌስታል አይጠቀሙ፤ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል፤ የሻጋታ ዘር ደግሞ ከትናንሽ ብናኞች ጋር ይመሳሰላል። ፖስታው ላይ የተክሉን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ወዲያው ይጻፉ።

4. አበባውን በወረንጦ ይዘው ንጹሕ ስላይድ ላይ በቀስታ መታ መታ ያድርጉት። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ስስ አቧራ ይበቃል። ወፍራም ክምር ካደረጉ ቅንጣቶቹ ተደራርበው ቅርጻቸው አይታይም።

5. ሁለት ጠብታ አልኮል ያድርጉበትና እስኪደርቅ ይጠብቁ። በዙሪያው የቅባት ቀለበት ይቀራል፤ በጥጥ ይጥረጉት። ንብ የምታመላልሰው ብናኝ ከንቧ ፀጉር ጋር እንዲጣበቅ የሚያደርግ ቅባት አለው፤ ካልታጠበ የቅንጣቱ ገጽ ይደበዝዛል።

6. አንድ ጠብታ ግሊሰሪን፣ ካለዎት በጣም ጥቂት ሳፍራኒን የተቀላቀለበት፣ ያድርጉበትና መሸፈኛ መስተዋቱን በአንድ ጎን አስደግፈው ቀስ ብለው ያውርዱት። በአንድ ጊዜ ከጣሉት የአየር አረፋ ይታፈንበታል። ጠርዙን በጥፍር ቀለም ይዝጉና መለያ ይለጥፉ።

7. ወደ ቀጣዩ አበባ ከመሄድዎ በፊት ወረንጦውን በአልኮል ጥጥ ይጥረጉ። ይህችን ትንሽ ነገር በመዘንጋት ሙሉ ቀን የሠሩትን የንጽጽር ስላይድ የጣሉ ተማሪዎች አሉኝ፤ የባቄላው ስላይድ ላይ የአደይ እሾህ ተገኘና የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋ።

ሌንሱ ሥር ምን ይጠብቁ?

የባሕር ዛፍ ብናኝ ትንሽ ናት፣ ከ20 እስከ 25 ማይክሮሜትር አካባቢ (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ጎኖቿ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ትመስላለች፤ በየማዕዘኑ መክፈቻ አላት። አንዴ ካዩዋት አይረሷትም።

ግራር ከሁሉም የተለየ ነው። ቅንጣቶቹ ተነጣጥለው አይገኙም፤ ብዙውን ጊዜ 16 ሆነው ተጣብቀው አንድ ክብ ይሠራሉ፣ ተሰፍቶ የተገጣጠመ የእግር ኳስ ይመስላሉ። ይህን የተጣበቀ ክብ እንደ አንድ ይቆጥሩታል። አሥራ ስድስት ብለው ከቆጠሩ ማሩን ሁሉ የግራር ያደርጉታል።

አደይና ኑግ እሾሃማ ኳሶች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ስለሆኑ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ በእርግጠኝነት መለየት ይከብዳል። ደብተርዎ ላይ «የአደይ ዓይነት» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በላይ አይማሉ። በቀፎው አካባቢ የኑግ ማሳ መኖር አለመኖሩን በእግርዎ ሄደው ማረጋገጥ ግን ይችላሉ። ሱፍም እሾህ አለው፤ ቅንጣቱ ከእነዚህ ገዘፍ ይላል።

ባቄላ ሞላላ ነው። ሬት አንድ ረጅም ስንጥቅ ያለው ጀልባ ይመስላል። የዱባ ብናኝ ደግሞ ከሁሉም ይገዝፋል፤ እሾሃማና ክብ ሆኖ የሚታየውን ቦታ ሰፊ ክፍል ይይዛል።

የሣር ወገኖች ማለትም በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ለስላሳ ኳስ ላይ አንዲት ቀዳዳ የተበሳች ይመስላሉ። በቆሎው ትልቁ ነው፣ ከ80 እስከ 100 ማይክሮሜትር አካባቢ። እነዚህን በሚገባ ይለዩዋቸው፤ በስሌቱ ጊዜ ለብቻቸው ይወጣሉ።

መጠን ለመለካት ቀላል መላ አለ። ባለ 4 ሌንሱን አድርገው ከሥሩ ግልጽ ማስመሪያ ያስገቡና የሚታየው ክብ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያንብቡ። 4.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በባለ 40 ሌንስ የሚያዩት ክብ የዚያ አንድ አሥረኛ፣ 0.45 ሚሊ ሜትር ወይም 450 ማይክሮሜትር ነው። በክቡ ወርድ 18 ጊዜ ልትደረደር የምትችል ቅንጣት ወደ 25 ማይክሮሜትር ትሆናለች ማለት ነው።

ክፍል ሁለት፦ ብናኙን ከማሩ ማውጣት

1. ማሩን በሚገባ ያማስሉ፣ ከዚያ 20 ግራም ያህል ይውሰዱ። ብናኝ ማሩ ውስጥ በእኩል አይሰራጭም፤ ቆሞ በቆየ ማር ላይ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከላይ ብቻ የጨለፈ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ያገኛል። ማሩ ከረጋ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ያላሉት።

2. 100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጨምረው ያሟሙት። ከ40 ዲግሪ አይበልጥ፤ እጅዎን ሲነክሩበት ምቹ ከሆነ ልክ ነው። ሰፈፍ የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ውሃው ከፈላ ሰፈፉ ቀልጦ ብናኙን ይለብሰዋል፤ ለብ ካለ ግን ጠንካራ እንደሆነ ስለሚቀር በማጥሪያው ላይ ይቀራል።

3. በሽቦው የሻይ ማጥሪያ ያጥልሉ። ሰፈፍ፣ የንብ ክንፍና እግር ይቀራል፣ ብናኙ ያልፋል። በነጠላ ወይም በሌላ ጨርቅ አያጥሩ፤ ጨርቁ ብናኙን ይይዛል፣ የራሱን ክርም ይለቃል።

4. ጠባቡ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው ይክደኑና ሳያንቀሳቅሱ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ይህን በሚያሽከረክር መሣሪያ በደቂቃዎች ይጨርሱታል፤ እኛ በትዕግሥት እንተካዋለን። ብናኝ ከዚህ ቀጭን ውሁድ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃውን ያበዛንበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ በወፍራም ማር ውስጥ ብናኝ አይሰጥምም።

5. ጠዋት ላይ ከላይ ያለውን ውሃ በሲሪንጅ ቀስ ብለው እየመጠጡ ያስወግዱ። ከግርጌ አንድ ጣት ያህል ሲቀር ያቁሙ። ዘንበል አድርገው ለማፍሰስ አይሞክሩ፤ ዝቃጩ አብሮ ይሄዳል።

6. እንደገና በንጹሕ ውሃ ሞልተው ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ያስቀምጡና እንደገና ይምጠጡ። ይህን እጥበት የዘለለ ሰው ስላይዱ ላይ ስኳር ይረጋበታል፤ ከስኳሩ መካከል ብናኝ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

7. የቀረችውን ጥቂት ውሃ ከዝቃጩ ጋር ያማስሉ፣ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ያድርጉ፣ ክዳን ሥር አስቀምጠው ያድርቁ። መስኮቱ ይዘጋ፤ የደሴ ነፋስ ብናኝ ይዞ ይገባል። ሲደርቅ ግሊሰሪን ጨምረው በክፍል አንድ እንደሠሩት ይሸፍኑ። የንጽጽር ስላይዱና የማሩ ስላይድ በአንድ ዓይነት ፈሳሽ መሠራት አለባቸው፤ ብናኝ በውሃና በግሊሰሪን ውስጥ እኩል አያብጥም፣ መጠኑ ይለያይብዎታል።

ብናኙ በዚህ ሁሉ እጥበት አይጠፋም ወይ? አይጠፋም። ውጫዊ ቅርፊቱ ተፈጥሮ ከምትሠራቸው እጅግ ጠንካራ ነገሮች አንዱ ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል ጭቃ አውጥተው፣ በውስጡ ሳይበሰብስ በቆየ ብናኝ የ3,000 ዓመቱን የአካባቢውን ደን ሁኔታ ማንበብ ችለዋል። የእርስዎን አንድ ሌሊት ይችለዋል።

ክፍል ሦስት፦ ቆጠራና ስሌት

1. ከስላይዱ አንድ ጥግ ጀምረው፣ ማሳ እንደሚያርስ ሰው ትልም በትልም ይሂዱ። ጥሩ የመሰለዎትን ቦታ ብቻ መርጠው አይቁጠሩ። ትንንሾቹ ቅንጣቶች ወደ ጠርዝ ይሸሻሉ፣ ትልልቆቹ መሀል ይቀራሉ።

2. ያገኙትን እያንዳንዱን ቅንጣት በዓይነቱ ሥር በሰረዝ ይመዝግቡ። ወለላ ካላቸው አበቦች ቢያንስ 300 እስኪሞላ ይቁጠሩ። ሃምሳ ቆጥረው ካቆሙ፣ በአጋጣሚ አንድ ቦታ የተከማቸ ብናኝ ውጤቱን ይገለብጠዋል።

3. የሣር ወገኖችን ለብቻ ያውጡ። በቆሎና ማሽላ የማር ወለላ የላቸውም፤ ንቧ ብናኛቸውን ለምግብ ትሰበስባለች እንጂ ማር አትሠራበትም።

ለምሳሌ 360 ቆጠሩ እንበል፦ የአደይ ዓይነት 150፣ ባሕር ዛፍ 90፣ ግራር 60፣ በቆሎና ማሽላ 60። ሁሉንም ደምረው ካሰሉ አደዩ 41.7 በመቶ ይሆናል። የሣር ወገኖቹን ሲያወጡ ግን ድምሩ 300 ነው፤ አደይ 50፣ ባሕር ዛፍ 30፣ ግራር 20 በመቶ ይሆናሉ።

4. ውጤቱን ይተርጉሙ። በተለመደው አሠራር ከ45 በመቶ በላይ የያዘ ብናኝ ዋና ይባላል፣ ከ16 እስከ 45 ሁለተኛ፣ ከ3 እስከ 15 አነስተኛ፤ ከዚያ በታች ጥቂት። ከላይ ባለው ምሳሌ ሣሮቹን ባለማውጣት ብቻ የአደይ ማር ከዋናነት ይወርድ ነበር።

ባሕር ዛፍ ላይ ግን ቆም ይበሉ። ብናኙ ትንሽና ብዙ ስለሆነ ከሚሰጠው ወለላ በላይ ቁጥሩ ይገንናል። ብዙ ባለሙያዎች «የባሕር ዛፍ ማር» ለማለት 70 በመቶና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። 50 በመቶ አግኝተው ገዢ ፊት «የባሕር ዛፍ ነው» ብለው አይከራከሩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ከባህላዊ ቀፎ ተቆርጦ ከነእንጀራው የተጨመቀ ማር ትልቁ ፈተና ነው። ንቦች ለልጆቻቸው በእንጀራው ቀዳዳ ያከማቹት ብናኝ አብሮ ይጨመቃል፤ አንድ የተሞላ ቀዳዳ ብቻውን ቆጠራውን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ስለዚህ ከመጨመቁ በፊት ነጭና የታሸገ፣ ማር ብቻ የያዘውን የእንጀራ ክፍል ቆርጠው ለብቻው ያንጠባጥቡና ለምርመራ እሱን ይጠቀሙ። ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ የተጠቀጠቀ ቀዳዳ ካለው ክፍል አይውሰዱ።

የአየር አረፋን ብናኝ ነው ብለው የሚቆጥሩ አሉ። አረፋ ጠርዙ ወፍራምና ጥቁር ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ክብነቱም ፍጹም ነው። የማተኮሪያውን መዘውር ትንሽ ሲያዞሩ ብናኝ ገጹ ላይ መስመር፣ እሾህ ወይም ቀዳዳ ያሳያል፤ አረፋ ምንም አያሳይም።

ዱቄት የተቀላቀለበት ማር ላይ የስታርች ቅንጣት ይታያል። ከተጠራጠሩ ከዝቃጩ ሌላ ጠብታ ወስደው፣ ሳፍራኒን ሳይጨምሩ፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ያድርጉበት። የዱቄት ቅንጣቶች ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣሉ። የበቆሎና የማሽላ ብናኝም በሆዱ ስታርች ስላለው ውስጡ ሊጠቁር ይችላል፤ ቀዳዳዋንና ክብ ቅርፊቱን ካዩ ብናኝ መሆኑን ያውቃሉ።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎት ግን ይህን ነው፦ በዚህ ምርመራ ብቻ ተነሥተው ማንንም «ስኳር ቀላቅለሃል» ብለው አይክሰሱ። ብናኝ ያነሰበት ማር በደቃቅ ወንፊት ተጣርቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ብናኝ ያለበት ማር ላይም ስኳር ሊጨመር ይችላል። የስኳር ጉዳይ የኬሚካል ምርመራ ይፈልጋል። የሰው ስምና ገበያ በአንድ ስላይድ አይበላሽ።

የቀረውን ዝቃጭ አይድፉት። ጥቂት ጠብታ አልኮል ጨምረው በትንሽ ብልቃጥ ይክደኑትና የተቆረጠበትን ቀን፣ የቀፎውን ዓይነት፣ ቦታውንና የቆጠራውን ውጤት ጽፈው ይለጥፉበት። ሌላ ሰው ደግሞ ከቆጠረው ውጤቱን ከእርስዎ ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ በሚቀጥለው ኅዳር አዲሱን ማር ሲያመጡም ከዚህ ጎን ያስቀምጡታል።